ቴስላ፣ ጀልባውና ሁለቱ ቁልፎች

በ1898 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ረዥም፣ ቀጭን፣ አለባበሱ እንከን የማይወጣለት ሰው ውኃ በተሞላ ገንዳ አጠገብ ቆሟል። ከፊቱ አንዲት ሳጥን አለች፤ ሳጥኗ ላይ እጀታ አለ። እጀታውን ሲያዞር ገንዳው ላይ የተንሳፈፈች፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ የምትበልጥ የብረት ጀልባ ወደ ቀኝ ትዞራለች። እንደገና ሲያዞር ትቆማለች። ደግሞ ሲያዞር ወደ ግራ ትታጠፋለች። በሳጥኗና በጀልባዋ መካከል ሽቦ የለም። ጀልባዋ ውስጥም ሰው የለም። ሰውየው ኒኮላ ቴስላ ይባላል።

ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1998፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር የተባለውን ምርቱን ገበያ ላይ አዋለ። ዛሬ ሪሞት ዴስክቶፕ የምንለው ነገር በማይክሮሶፍት ቤት የጀመረው ያኔ ነው። ዓመቶቹ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ ነገሮቹ ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የመሥሪያ ቤታችሁ የኮምፒውተር ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ እናንተ ፊት ያለውን ኮምፒውተር ሲያስተካክል፣ ቀስቷ ማንም ሳይነካት ስክሪኑ ላይ ስትሄድ አይታችኋል። ያቺ ቀስት የቴስላ ጀልባ ናት።

ብዙ ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች የግንኙነቶችን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም አላቸው። እያንዳንዱ ግንኙነት ሲመዘገብ የሚሞሉ ክፍት ቦታዎች አሉ። የኮምፒውተሩ ስም ወይም አይፒ አድራሻው ይሞላል። ሁለቱ የሚግባቡበት ፕሮቶኮል ይመረጣል። ፖርቱ ይጻፋል፤ በተለመደው አሠራር ለማይክሮሶፍቱ 3389፣ ቪኤንሲ ለተባለው ደግሞ 5900 ነው። በመሀል የሚያሻግር ጌትዌይ ካለ እሱም ይገባል። ከዚያ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል። የመጀመሪያዎቹ ክፍት ቦታዎች በሙሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ወደዚያ ማሽን እንዴት ይደረሳል? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የመጣኸው አንተ ማነህ? አብዛኛው ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። ግንኙነቱ ሲሳካና የሩቁ ስክሪን ብቅ ሲል ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ቴስላን ለዛሬ ጉዳዬ ያደረግሁት ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው እንደሚከብድ ገና በዚያን ጊዜ ስለገባው ነው።

የተወለደው ሐምሌ 1856 ስሚልያን በምትባል መንደር ነው። መንደሯ ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ናት። አባቱ የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ፤ ልጃቸውም ቄስ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። እናቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ረዣዥም ተረኮችን በቃላቸው ይወጡ፣ ለቤት ሥራ የሚሆኑ መሣሪያዎችንም በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ቴስላ የፈጠራ ተሰጥኦውን ከእናቱ እንደወረሰ ሲናገር ኖሯል። በ1873 ኮሌራ ይዞት ወራት አልጋ ላይ ሲውል አባትየው ከዳነ ምህንድስና ሊያስተምሩት ቃል ገቡ። ዳነ። አባትም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ግራትስ ወደሚገኘው ፖሊቴክኒክ ላኩት። እሱ ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ቀጥሎ ያለው ነው። በ1881 ቡዳፔስት ሄደና ሥራ ያገኘው በስልክ ልውውጥ ድርጅት ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ስልክ ማለት ደዋይ፣ ተደዋይና በመሀላቸው ተቀምጦ አንዱን ገመድ ከሌላው የሚሰካ ሠራተኛ ነው። እከሌን አገናኘኝ ትላለህ፤ ሠራተኛው ያገናኝሃል፤ ማን መሆንህንም በድምፅህ ያውቃል። ወጣቱ ቴስላ የግንኙነትን ነገር ከሥሩ ያየው እዚያ ነው። በመሀል ያለው ሰው ከጠፋ ማን ማንን እንደጠራ የሚለየው ማነው የሚለው ጥያቄ ያኔ ይምጣበት አይምጣበት ባላውቅም፣ መልስ የፈለገለት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሕይወቱን ክፍል ብዙ አንባቢ ያውቀዋልና በሩጫ ልለፈው። በ1884 ኒው ዮርክ ገባ። ኤዲሰን ዘንድ ጥቂት ወራት ሠርቶ ወጣ። የመጀመሪያ ኩባንያው ሸሪኮቹ ፓተንቶቹን ይዘው ስለቀሩ ከሰረና ጉድጓድ እስከ መቆፈር ደረሰ። በ1888 ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚጠቀሙትን ሞተሮቹን ይዞ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ቀረበ፤ ዌስቲንግሃውስም ፓተንቶቹን ተዋዋለ። በ1891 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ ይህቺን ዓመት ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች። በ1896 ከናያግራ ፏፏቴ የመነጨ ኤሌክትሪክ በእሱ ዘዴ ቡፋሎ ከተማ ደረሰ። በመሀል፣ መጋቢት 1895፣ ቤተ ሙከራው ከነመሣሪያውና ከነማስታወሻው ተቃጠለ። ጀልባዋን የሠራው ከዚያ አመድ ተነስቶ ነው።

የጀልባዋ አሠራር ቀላል ነው፤ ብልሃቱ ግን የሚደነቅ ነው። ውስጧ ባትሪ፣ የሚነዳት ሞተርና መሪዋን የሚያዞር ሌላ ሞተር ነበሩ። ጆሮዋ የብረት ብናኝ ያለበት ትንሽ ቱቦ ነው። ብናኙ እንደ ልቡ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የሬዲዮ ሞገድ ሲነካው ግን ያስተላልፋል። ሞገዱ በመጣ ቁጥር ወረዳው ይዘጋና ውስጧ ያለው ማሽን አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል፤ ቱቦውም ተገልብጦ ለቀጣዩ ትእዛዝ ይዘጋጃል። እያንዳንዱ እርምጃ ትርጉም አለው፤ ቀኝ፣ ቁም፣ ግራ፣ መብራት አብራ። ስለዚህ አዛዡና ታዛዡ የእርምጃዎቹን ቅደም ተከተል አስቀድመው መስማማት ነበረባቸው። ዛሬ ፕሮቶኮል የምንለው ይሄው ነው። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ካልተመረጠ ግንኙነቱ አይሠራም የምንባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቴስላ በ1919 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ ጀልባዋ የፈጠረችውን ግርግር የሚያህል ሌላ ሥራው አልፈጠረም። ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ደግሞ አንድ ጨዋታ ይጨምራሉ። ተመልካቾች ጀልባዋን የሂሳብ ጥያቄ ይጠይቋት ነበር፤ የ64 ኪዩብ ሩት ስንት ነው ሲሏት መብራቷን አራት ጊዜ ብልጭ ታደርጋለች። መልሱን የሚሰጠው፣ እርግጥ፣ እጀታውን የያዘው ሰውዬ ነው። ሕግ ላጠና ሰው ይህቺ ጨዋታ ቀልድ ብቻ አይደለችም። ከሩቅ በሚታዘዝ ማሽን የተፈጸመ ድርጊት የማን ድርጊት ነው? ተመልካቹ የሚያየው ጀልባዋን እንጂ እጅን አይደለም። ዛሬም አንድ የሂሳብ ሠራተኛ በስሟ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገንዘብ ተላልፎ ሲገኝ የሚታየው የእሷ ኮምፒውተርና የእሷ ስም ነው። እጀታውን ማን እንደያዘ ማስረዳት የእሷ ዕዳ ይሆናል።

ፓተንቱ በኅዳር 1898 በቁጥር 613,809 ተሰጠው። የተባለው ነገር ስላልታመነ ዋናው መርማሪ ራሱ ኒው ዮርክ ድረስ መጥቶ እንዳየ ቴስላ ጽፏል። ወቅቱ አሜሪካ ከስፔን ጋር የተዋጋችበት ዓመት ነበርና ፈጠራው ለመንግሥት ይጠቅማል ብሎ ዋሽንግተን ወዳለ አንድ ባለሥልጣን ሄደ፤ ባለሥልጣኑም በሳቅ ሸኘው። ወዳጁ ደራሲው ማርክ ትዌይን ግን አልሳቀም። በዚያው ዓመት ከቪየና ደብዳቤ ጽፎ ፓተንቱን አውሮፓ ውስጥ ልሽጥልህ አለው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ፓተንት ያኔ የሚጸናው ለ17 ዓመት ነበር፤ የጀልባዋ በ1915 አበቃ።

የባለሥልጣኑ ሳቅ አላዋቂነት ቢሆንም ጀልባዋ የተደበቀ እንከን ነበራት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ዓይነት ነበረች። ተስማሚ ሞገድ የላከ ማንም ሰው፣ ወዳጅም ይሁን ጠላት፣ ሊያዛት ይችላል። በጦር ሜዳ ላይ ይህ ማለት የገዛ መሣሪያህ ዞሮ ሲመጣብህ ማየት ነው። ቴስላ በችግሩ ላይ ሠራበትና ሐምሌ 1900 ማመልከቻ አስገባ። በመጋቢትና በሚያዝያ 1903 ሁለት ፓተንቶች ተሰጡት፤ ቁጥራቸው 723,188 እና 725,605 ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው እንደሚያውቀው እያንዳንዱ አውታር የራሱ ቅኝት አለው። የሬዲዮ ተቀባይም እንዲሁ ለአንድ ቅኝት ብቻ እንዲነቃ ሊደረግ ይችላል። ቴስላ ላኪው በሁለት የተለያዩ ቅኝቶች ምልክት እንዲልክ አደረገ። ተቀባዩም ሁለት የተለያዩ ጆሮዎች ተገጠሙለት፤ ማሽኑም የሚነቃነቀው ሁለቱም ጆሮዎች ሲሰሙ ብቻ ነው። አንደኛው ብቻ ቢሰማ ምንም አይሆንም። የባንክ ካዝና በሁለት ቁልፍ ሲከፈት ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ አንዱ ቁልፍ በገንዘብ ያዡ፣ ሌላው በኃላፊው እጅ ነው፤ አንዱን የሰረቀ ሌባ ካዝናውን አይከፍትም። ቅኝቶቹ ከሁለት በላይ ሊሆኑም ይችላሉ፤ በበዙ ቁጥር አንድ ባዕድ በአጋጣሚ ወይም በተንኮል ሁሉንም የሚያገኝበት ዕድል ይጠባል። የኮምፒውተር ሰዎች ይህንን የሎጂክ በር ይሉታል፤ ሁለቱም ከሆኑ ክፈት፣ አለበለዚያ ዝጋ።

ፓተንቱን ያለ ክርክር አላገኘውም። ሬጂናልድ ፌሰንደን የተባለው ሌላው የሬዲዮ ሊቅ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ስለመጣ በ1902 በፓተንት ቢሮው ፊት ተከራከሩ። የአሜሪካ ሕግ እስከ 2013 ድረስ መብቱን የሚሰጠው አስቀድሞ ላመለከተ ሳይሆን አስቀድሞ ለፈጠረ ስለነበር፣ ክርክሩ ማን ቀድሞ አሰበው የሚል ነበር። ምስክሮች ተሰሙ፣ የማስታወሻ ደብተሮች ቀረቡ፣ ቴስላ ረታ። ለረታው ሰው ግን ብዙም አልጠቀመውም፤ እነዚህም ፓተንቶች በ1920 ጊዜያቸው አለፈ።

ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ አርጅቶ ዛሬ ባለሙያዎች ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚሉት ሆኗል፤ የይለፍ ቃል ከገባ በኋላ በስልክ የሚመጣው ቁጥር ማለት ነው። ብዙ ሰው እንደ ጣጣ ያየዋል። በግንቦት 2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለውን የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ ኩባንያ የደረሰበትን ላስታውስ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ከርቀት መግቢያ በሆነ፣ ማንም በማይጠቀምበት ነገር ግን ባልተዘጋ አካውንት ነበር። የይለፍ ቃሉ አፈትልኮ ወጥቷል፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው ቧንቧውን ዘጋ፣ በምሥራቃዊ አሜሪካ ማደያዎች ተሰለፉባቸው፣ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህልም በቢትኮይን ተከፈለ። አንድ ጆሮ ብቻ ያላት ጀልባ ነበረች። ሁለተኛ ጆሮ ቢኖራት ኖሮ የተሰረቀው ቃል ብቻውን ባላንቀሳቀሳት።

እዚህም ላይ ስለ እኛ ጥቂት ልበል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው ልማድ አንድ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው ማከፋፈል ነው። የግንኙነቶቹ መዝገብ ከነይለፍ ቃሎቹ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው በፍላሽ ይገለበጣል። ሥራ የለቀቀው ልጅ አካውንት ለዓመት ይኖራል። 3389 ፖርት በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ተከፍቶ ያድራል። የመጨረሻው በተለይ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው። በ2019 ብሉኪፕ የተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ክፍተት ሲገኝ፣ የይለፍ ቃል እንኳ ሳያስፈልግ ሰርጎ ለመግባት የሚያስችል ስለነበር ማይክሮሶፍት ድጋፉን ላቆመለት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ጭምር ማስተካከያ ለማውጣት ተገዷል። መፍትሔው ምሥጢር አይደለም። ፖርቱ ከጌትዌይ ጀርባ ይሁን፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይግባ፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑር፤ የሄደ ሰው አካውንት በሄደበት ቀን ይዘጋ፤ ማን መቼ እንደገባ ይመዝገብ።

የእኛ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ነገር ግን አምስት ሰው በአንድ ስም በሚገባበት ቤት ያለ ፈቃድ የገባው የትኛው እንደሆነ ዐቃቤ ሕግ በምን ያስረዳል? አዋጁ እንዲሠራ መጀመሪያ መዝገቡ መሥራት አለበት።

ወደ ቴስላ ልመለስ። ጀልባዋ ለእሱ መጀመሪያ ነበረች እንጂ መጨረሻ አይደለችም። በ1901 ጄ. ፒ. ሞርጋን 150,000 ዶላር ሰጥቶት ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ ሎንግ አይላንድ ላይ ዋርደንክሊፍ የተባለውን ግንብ ማቆም ጀመረ። በ1908 ስለዚሁ ሲጽፍ ያየውን ሕልም ላቅርበው። ኒው ዮርክ የተቀመጠ ነጋዴ መመሪያውን ሲናገር፣ ያው መመሪያ በዚያው ቅጽበት ለንደን ባለው ቢሮው ውስጥ በጽሑፍ ታትሞ ይወጣል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ከቤታቸው ሆነው የቢሮ ኮምፒውተራቸውን የከፈቱ ሰዎች ይህንን ቢያነቡ ሰውየው ስለ እነሱ የጻፈ ይመስላቸዋል። ደግሞም አሁን የምናውቀውን ያህል ምሥጢራዊነትንና መልእክቶች አለመቀላቀላቸውን የእቅዱ አካል አድርጎ ነው ያሰበው።

ገንዘቡ ግን አለቀ። ማርኮኒ በታኅሣሥ 1901 አትላንቲክን በምልክት ተሻገርኩ ሲል የሞርጋን ፍላጎት ቀዘቀዘ፤ ተጨማሪ ገንዘብም ከለከለ። በ1915 ቦታው ለዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ዕዳ ተላለፈ፤ ግንቡ በ1917 ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሆቴል ክፍሎች፣ ያልተከፈሉ ሂሳቦችና እርግቦች ናቸው። ቤተሰብ አልመሠረተም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ኒው ዮርከር በተባለው ሆቴል 33ኛ ፎቅ ላይ በ3327 ቁጥር ክፍል ኖረ፤ ጥር 7 ቀን 1943 እዚያው ሞተ።

በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 21፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማርኮኒ ኩባንያ መንግሥትን በከሰሰበት ጉዳይ ፍርድ ሰጠ። ይህንን ፍርድ ብዙ ሰው ቴስላ የሬዲዮ ፈጣሪ ነው ብሎ የወሰነ አድርጎ ያወራዋል። እንዲህ አላለም። ፍርድ ቤቱ ያለው፣ የማርኮኒ የ1904 ፓተንት ቅኝትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን የተባሉት ሰዎች ቀድመው ከሠሩት ስለማይለዩ አይጸኑም ነው። የማርኮኒ የመጀመሪያው ፓተንት አከራካሪ አልነበረም። ለቴስላ ወዳጆች ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ፍርዱ ከወሬው ይበልጥብኛል። የጸናለት ክብር እዚሁ ስንለው የነበረው ነገር ነው፤ ላኪና ተቀባይን እርስ በርስ እንዲተዋወቁ አድርጎ መቃኘት።

አስከሬኑ ሳይቀበር የክፍሉ ወረቀቶች ተጭነው ተወሰዱ። የወሰዳቸው የባዕዳንን ንብረት የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። 1891ን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር፤ ሟቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ አሜሪካዊ ነበርና መሥሪያ ቤቱ በምን ሥልጣን እንደወሰደው ሕግ ለተማረ ሰው እስካሁን ያስገርማል። ጆን ትራምፕ የተባሉ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ወረቀቶቹን መርምረው በጠላት እጅ ቢገቡ የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁም ብለው ሪፖርት አደረጉ። በኋላ ንብረቱ ቤልግሬድ ላለው የእህቱ ልጅ ተለቀቀ፤ እዚያም በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። በ1957 አመዱም ተከትሎ ሄደ። ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ፣ በክብ የወርቅ ቅብ ዕቃ ተቀምጦ ይገኛል።